የሙሐመድኑር ቦታ

የሰኔ ፀሐይ በጅቡቲ ለማንም አትራራም። በዚያ ዓርብ ረፋድ ግን ጋሽ ኃይለሚካኤል ስለ ፀሐይዋ አላሰቡም፤ ሐሳባቸው በቀጭን ፌስታል ካንጠለጠሉት አዲስ ድንጋይ ላይ ነበር። ድንጋዩ ክብ ነው፤ መሐሉ ቀዳዳ ሆኖ ከሞተር ዘንግ ላይ የሚታሰር፣ እየዞረ ቢላዋና መጥረቢያ የሚስል። ከሚኒባስ ወርደው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ጥግ ጥግ ሲሄዱ የፌስታሉ እጀታ ተበጠሰና ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ዱብ አለ። ወድቆም አላረፈ፤ በጠርዙ እየተንከባለለ ሄዶ ከተዘጋው የጣቢያው የብረት በር ጋር ተላተመና ተጋደመ።

"ያዙልኝ፣ በእናታችሁ!" ብለው ጮኹ።

ያነሣችላቸው አንዲት ወጣት ነበረች። ሰማያዊ የሥራ ቱታ ለብሳለች፤ ጫማዋ የወንድ ይመስላል። እንደ ሌላው መንገደኛ አቧራውን አራግፋ አልሰጠቻቸውም። ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች ዙሪያውን ተመለከተችው።

"እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። አምጪው፤ ምንም አልሆነም። ድንጋይ አይደል? ድንጋይ ምን ይሆናል!"

"ጋሼ፣ ይኼ እንደ ተራራ ድንጋይ አይደለም። ደቃቅ አሸዋ በሙጫ ተያይዞ የተጋገረ ነው። ወድቋል፤ በዚያ ላይ ከብረት ተላትሟል። ከመታሰሩ በፊት ቢፈተሽ ይሻላል።"

"አንቺ ደግሞ ድንጋይ ፈታሽ ነሽ?" አሉ ሳቅ ብለው።

"ፀደይ እባላለሁ። አዲስ አበባ ቴክኒክ ኮሌጅ የማሽን ጥገና ተምሬያለሁ፤ አሁን ወደቡ አካባቢ ካለ አንድ ጥገና ቤት እሠራለሁ። ግድ የለም፣ ቤትዎ ድረስ እኔ ልያዝልዎ።"

ሽማግሌ ዕቃ ተሸክሞ ወጣት ባዶ እጁን አብሮ አይሄድም፤ ጅቡቲም ቢሆን ይህ ሕግ አልተሻረም። ጋሽ ኃይለሚካኤልም ከሕግ ሁሉ ይህን ስለሚወዱት እሺ አሉ። ወደ ካርቲየ 2 ሰፈር ሲያመሩ እሷ ድንጋዩን በሁለት እጇ አቅፋ ከኋላ ከኋላቸው ሄደች።

ጋሽ ኃይለሚካኤል የባቡር ልጅ ናቸው። አባታቸው ከድሬዳዋ በባቡሩ ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸውም ጎልማሳነታቸውን በባቡሩ ወርክሾፕ ጨረሱ። አሮጌው ባቡር መሄዱን ሲተው ካርቲየ 2 ውስጥ አንዲት ጠባብ አቴሊዬ፣ የሥራ ቤት፣ ከፍተው የሥጋ ቤት ቢላዋ፣ የአናጢ መሮ፣ የወደብ ሠራተኛ መንጠቆ ይስሉ ጀመር። የሰፈሩ ሰው "የጋሽ ኃይሌ እጅ ወርቅ ነው፤ ጆሯቸው ግን አይሰማም" ይላል። ደንቁረው አይደለም፤ ምክር ስለማይሰሙ ነው።

ከአቴሊዬው ደጃፍ፣ ከደረጃው ላይ፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ሴት ተቀምጣ ነበር። ጋሽ ኃይለሚካኤል ሲያዩዋት ፊታቸው ጠቆረ።

"መጣሽ፣ ራህመት?"

"መጣሁ፣ ጋሼ።"

ከዚህ ሌላ አልተነጋገሩም። ራህመት ከአንድ ፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው የምታድር ሠራተኛ ናት። ዓርብ ዓርብ ትወጣለች፤ ስትወጣም ሌላ የምትሄድበት ስለሌላት ወንድሟ ሙሐመድኑር ከሞተበት ደጃፍ መጥታ ትቀመጣለች። ሙሐመድኑር የጋሽ ኃይለሚካኤል ቀኝ እጅ ነበር። ከረመዳን በፊት፣ አዲስ የታሰረ ድንጋይ እየዞረ ፈነዳና ስባሪው ደረቱን መታው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ኃይለሚካኤል በየዓርቡ አንድ ቃል ይነግሯታል፤ "መክቱብ ነው፣ ልጄ። ቀኑ ደርሶ ነው" ይሏታል። እሷም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ቃሉ እሷን ማጽናናቱ አይታወቅም፤ እሳቸውን ግን ሌሊት የሚያስተኛቸው ይኸው ቃል ነበር።

ከውስጥ ወሰኑ የተባለው ሠራተኛ ማሽኑን ጠራርጎ ይጠብቃል። ወሰኑ የወሎ ሰው ነው፤ ወደ የመን ሊሻገር ኦቦክ ድረስ ሄዶ፣ ጓደኛውን ባሕር ሲወስደው አይቶ የተመለሰ። በሙሐመድኑር እግር ተተክቶ ከተቀጠረ ገና መሰንበቱ ነው። ያገለደመው የቆዳ ሽርጥም የሟቹ ነበር፤ ደረቱ ላይ የተቀደደው በሌላ ቆዳ ተጥፎበታል።

ፀደይ ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ልትሰናበት ነበር። ነገር ግን ጋሽ ኃይለሚካኤል የሚያደርጉትን ስታይ እግሯ አልሄድ አላት። በመጀመሪያ በድንጋዩ በሁለቱም ጎን የተለጠፈውን ክብ ወረቀት በጥፍራቸው ልጠው ጣሉ። ቀዳዳው ለዘንጉ ይሰፋ ስለነበር ከሰርዲን ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ዘንጉ ላይ ጠመጠሙ። አሁን ደግሞ ጠቦ አልገባ ሲላቸው መዶሻ አነሡ።

"ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቆዩ!"

"ምን ሆንሽ?"

"ልጠው የጣሉት ወረቀት ለጌጥ አልነበረም። ብረት ድንጋይን በቀጥታ ሲጨብጠው አንዱ ጎን ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፤ ወረቀቱ በመሐል ሆኖ ጭብጡን እኩል ያካፍለዋል። ደግሞ ድንጋዩ የሚችለው የዙር ፍጥነት እዚያው ላይ ተጽፎ ነበር። ሞተርዎ ከዚያ የፈጠነ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?"

"ሞተሩ ሞተር ነው፤ ድንጋዩም ድንጋይ ነው። እሺ፣ ሌላስ?" አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል፣ ለእንግዳ አክብሮት ሲሉ ቁጣቸውን ውጠው።

"ቆርቆሮው። በአንድ በኩል ይደራረባል፣ በሌላው ይሳሳል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ከመሐሉ ወጥቶ ይዞራል፣ ይንቀጠቀጣል። ልኩ የሆነ ቦኮላ፣ ቀዳዳውን የሚሞላ ቀለበት፣ ነው የሚገባበት። በእጅ ሲገፋ ካልገባ ልኩ አይደለም ማለት ነው፤ በመዶሻ ይግባ የሚባል ድንጋይ የለም። እነዚህን ድንጋዩን ከሁለት ጎን የሚጨብጡትን ሮንዴላዎችም ይዩዋቸው፤ ያኛው እንደ ሳሕን ሰፊ ነው፣ ይኼኛው ከሳንቲም አይበልጥም። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ድንጋዩን ያጣምሙታል።"

"አንቺ ልጅ! ከእናትሽ ሆድ ሳትወጪ እኔ ድንጋይ ሳስር ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ!"

በእኛ ዘንድ መልስ ሲጠፋ ተረት ይጠራል፤ ተረት የጠራ ደግሞ ያሸነፈ ይመስለዋል። ወሰኑ ፊቱን ዞር አድርጎ ሳቀ። ፀደይ ግን አልተቀየመችም።

"ተረቱን ተቀብያለሁ፣ ጋሼ። እኔም አንድ ልመልስ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። አነጋገሬ ከፍቶ ከሆነ ይፍረዱብኝ። ይኼ አያያዝ ግን ሰው ይገድላል።"

ወሰኑ መሳቁን ተወ። ከመንገዱ የልጆች ጫጫታ ብቻ ይሰማ ነበር።

"ገድሏል" አለ ወሰኑ ቀስ ብሎ።

ፀደይ የተጣፈውን ሽርጥ አየች፤ ከዚያ ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን ሴት አየች፤ ነገሩም ገባት። ቀድማ ብታውቅ ኖሮ ቃሏን ታለዝበው ነበር፤ አሁን ግን ተነግሮ አልቋል።

"ሰው የሚገድለው ቀኑ ነው!" አሉ ጋሽ ኃይለሚካኤል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ይበልጥ የተናገሩት ለደጃፉ ነበር። "ያለ ቀኑ የሞተ ማን አለ? ስንቱ በአልጋው ላይ ተኝቶ ይሞታል። ሙሐመድኑር እዚህ ባይመጣ መኪና ይገጨው ነበር፤ መኪና ባይገጨው ባሕር ይበላው ነበር። የተጻፈውን ማን ይፍቀዋል?"

"ጋሼ፣ እኔም ፈጣሪን አምናለሁ። ቀን የእግዜር ነው፤ ዳዶ ማጥበቅ ግን የሰው ነው። እሱ ዕድሜን ሲቆርጥ የሰርዲን ቆርቆሮ ጠምጥሙ አላለንም። ያንን ደግሞ ይመልከቱት" አለችና ወደ ጥጉ ጠቆመች። የማሽኑ የብረት መከለያ ዝጎ፣ መጥረጊያ ተደግፎበት ቆሟል። "ፋብሪካው የሠራው ድንጋይ ቢፈነዳ ስባሪውን እንዲይዝ ነበር። ለምን ወለቀ?"

"መጥረቢያ አላስገባ ብሎን ነዋ! ሰዉ ሥራውን ቶሎ ይፈልጋል። መከለያ እያወለቅን ስንገጥም ልንውል ነው?"

ወሰኑ ክርክሩ ያለቀ መስሎት ከማሽኑ ፊት ለፊት ቆመና ቀኝ መዳፉን ዘረጋ።

"አንተስ ምን እያደረግህ ነው?" አለችው ፀደይ።

"የመጀመሪያው ብልጭታ ነዋ። አዲስ ድንጋይ ሲነሣ፣ የሚሠራበት ሰው ፊቱ ቆሞ የመጀመሪያውን ብልጭታ በመዳፉ ይቀበላል። እጁ በረካ ያገኛል። የቤቱ ወግ ነው።"

ይህን ወግ ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ጋሽ ኃይለሚካኤል ከወርክሾፑ አመጣነው ይላሉ፤ በወርክሾፑ የነበሩ ሌሎች ሽማግሌዎች ግን ከእሳቸው ሰማነው ይላሉ። ወግ እንዲህ ነው፤ አባቱ ሲጠፋ የሁሉም ልጅ ይሆናል።

"ወንድሜ፣ ከዚያ ውጣ" አለች ፀደይ። "ክፉ ድንጋይ ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው ገና እንደተነሣ፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። በትምህርት ቤት የተማርነው አዲስ ድንጋይ ሲነሣ ሁሉም ሰው ወደ ጎን እንዲቆም፣ ድንጋዩም ብቻውን እንዲዞር ነው። እናንተ ግን በዚያችው ደቂቃ ሰውን ፊቱ አቁማችሁ እጅህን ዘርጋ ትሉታላችሁ!"

"ሙሐመድኑር እጁን ዘርግቶ ነበር?"

ጠያቂዋ ራህመት ነበረች። ከደረጃው ሳትነሣ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራለች። እስከዚያ ቀን አደጋ ደረሰ መባሉን እንጂ ወንድሟ እንዴት ቆሞ እንደነበረ የነገራት ሰው አልነበረም።

ጋሽ ኃይለሚካኤል የያዙትን መዶሻ አስቀመጡ። "ዘርግቶ ነበር" አሉ። "እየሳቀ።"

ራህመት ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች።

ፀደይም ከዚህ በኋላ መከራከሩ ከበዳት። ቢሆንም ወሰኑ ገና ከማሽኑ ፊት ነው፤ ድንጋዩም ገና ከዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። ድንጋዩን አወጣችና ግድግዳውን ስትቃኝ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ሥር አንዲት ረጅም የእንጨት እጀታ ያላት ትንሽ መዶሻ ተሰቅላ አየች።

"ጋሼ፣ ያቺን መዶሻ ያውሱኝ። በእንጨቱ በኩል ድንጋዩን ላንኳኳው።"

"እሷን አትንኪ! የአባቴ ናት። እሷ እንደ ተራ መዶሻ አትታይም።"

"ይቅርታ፣ ጋሼ። ምን ይሠሩባት ነበር?"

ሽማግሌው ከዚያ ዝምታ የሚያወጣቸው ወሬ በማግኘታቸው ተቻኮሉ። "አባቴ፣ ባቡሩ ከድሬዳዋ ሲገባ፣ ይህችን ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ እየሄደ የብረት መንኮራኩሩን ሁሉ ያንኳኳ ነበር። ደህናው መንኮራኩር እንደ ደወል ይጮኻል። የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ድምፁ ይሞታል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ይሰማዋል ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ፈረንሳዊው አለቃ 'ባቡሩ ዘግይቷል፣ ልቀቀው' ሲለው አባቴ ሄዶ ሐዲዱ ላይ ተቀመጠ። 'ድምፁ ሞቷል፤ ሰው አልጭንበትም' አለ። እስኪቀይሩት ድረስ አልተነሣም። በዚያ ባቡር ስንት ነፍስ ነበር መሰለሽ! ስንት እናት፣ ስንት..."

እዚህ ላይ ቆሙ።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ሄደው መዶሻዋን ከሚስማሯ አወረዱ። ድንጋዩን በቀዳዳው በኩል ጣታቸውን አስገብተው አንጠለጠሉት።

"ለድንጋይ በእንጨቱ፣ ቀስ ብለው" አለች ፀደይ።

አንኳኩ። ድንጋዩ እንደ እርጥብ ጭቃ "ድፍ" አለ። አዙረው ሌላ ጎኑን አንኳኩ፤ አሁንም "ድፍ" አለ። ከመደርደሪያው ብዙ ዘመን የሠሩበትን፣ ተበልቶ ያለቀ አንድ አሮጌ ድንጋይ አንሥተው መቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣና ቤቱን ሞላው። እንደገና ወደ አዲሱ ተመለሱ። ሞቷል።

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። መዶሻዋን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። መናገር ሲጀምሩ ወደ ፀደይ አልነበረም።

"ራህመት። ያኛውም ድንጋይ ድምፁ ሞቶ ነበር።"

ራህመት ከደረጃው ቀና ብላ አየቻቸው።

"በመዶሻ እየመታሁ ሳስገባው ሰምቼዋለሁ። የዚያ ሰው ልጅ ነኝ፣ እንዴት አልሰማም? ሥራ ተደራርቦ፣ ባለሥጋ ቤቱ እየጮኸብኝ... ድንጋይ ምን ይሆናል ብዬ አለፍሁት። ከዚያ ወንድምሽን 'ና ቁም፣ እጅህን ዘርጋ' አልሁት። መክቱብ ነው እያልሁ በየዓርቡ የነገርሁሽ አንቺን ላጽናና አልነበረም። ራሴን ልደብቅ ነበር።"

የጁምዓ አዛን ከሩቅ ይሰማ ጀመር። ራህመት ተነሥታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም። ለቅሶዋን ቀደም ብላ ጨርሳዋለች።

"ጋሼ፣ እኔ እዚህ የምመጣው ልቤ ቀኑ ነው መባሉን እምቢ ስላለኝ ነበር" አለች። "ወንድሜ ጤነኛ ነበር፣ ጠንቃቃ ነበር። እንዴት ዝም ብሎ ቀኑ ይደርሳል እያልሁ ሳብሰለስል ነው የከረምሁት። ይቅርታውን ከእናቴ ይጠይቁ፤ እኔ ጋ የለም። ዛሬ የለም።" ከዚያ ወደ ወሰኑ ተመለከተች። "እህት አለችህ?"

"አለችኝ" አለ ወሰኑ።

"እንግዲያ ከዚያ ውጣ።"

ወሰኑ መዳፉን አጥፎ ከማሽኑ ፊት ወጣ።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ትልቁን መዶሻ አነሡና ድንጋዩን ውጭ አውጥተው ሰበሩት። እንዲሁ ቢጥሉት ሌላ ድሃ አንሥቶ እንደሚያስረው ያውቃሉ። በአንድ ምት፣ አስቀድሞ የተሰመረለት ይመስል፣ ቀጥ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" አሉ ለራሳቸው። በዚህኛው ተረት ግን ማንንም ሊያሸንፉ አልፈለጉም።

በዚያው ምሽት ሐረርጌ ላለችው የሙሐመድኑር እናት ስልክ ደወሉ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። በማግሥቱ ግን የጋሽ ኃይለሚካኤል ትከሻ ጎብጦ ታየ፤ ከዚያ ወዲህም አልተቃናም።

ሌላ ድንጋይ ሲመጣ በካርቶኑ ተጋድሞ በሰው እጅ መጣ። ፀደይ ከሥራ መልስ ጎራ አለች፤ ሥራውን የሠሩት ግን ራሳቸው ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው። አስቀድመው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ከሞተሩ ጋር አስተያዩ። ድንጋዩን አንጠልጥለው አንኳኩ፤ ጮኸ። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ተተወ። ቦኮላው በእጅ ገባ፣ ድንጋዩም በእጅ። በግራና በቀኝ እኩል የሆኑ፣ ከዝገት የጸዱ ሰፋፊ ሮንዴላዎች ገጠሙ። የማሽኑ ግራ በኩል የግራ ጥርስ፣ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ፣ ስላለው ዳዶውን በዚያው አቅጣጫ አዙረው ያለ መዶሻ፣ በብሎን መፍቻ ብቻ አጠበቁ። መከለያው ዝገቱ ተፍቆ ተመለሰ። የቢላዋ ማስደገፊያው ከድንጋዩ ጋር የክብሪት እንጨት ውፍረት ያህል ብቻ ተራርቆ ተጠጋ። በእጃቸው አንድ ጊዜ አዙረው የሚነካካ ነገር አለመኖሩን አዩ፤ ከዚያ ከወሰኑ ጋር ሦስቱም ወደ ጎን ቆመው ሞተሩን አስነሡ። ድንጋዩ ፊቱ ማንም ሳይኖር ብቻውን ዞረ። የመጀመሪያውን ብልጭታም ማንም አልተቀበለውም።

ተግሣጽ የሚጠላ አንባቢ "ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ጠቀመ?" ይል ይሆናል። ድሮ ማሽኑ ሲነሣ ጠረጴዛው ሁሉ ይርገፈገፍ ነበር፤ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ውኃው አይረበሽም። ቢላዋው ስለቱ እኩል ይወጣል፤ ድንጋዩ እየተሸራረፈ አያልቅም። ወሰኑ መነጽር ስለሚያደርግ ማታ ዓይኑን እያሸ አያድርም። መከለያ ማውለቅና መግጠም ያባክናል የተባለውም ጊዜ በመቃብር ከሚባክነው እንደሚያንስ የአካባቢው ባለሙያ ሁሉ ገብቶታል። አሁን ከካርቲየ 3 ሳይቀር ድንጋያቸውን አቅፈው እየመጡ "ጋሽ ኃይሌ፣ ያዳምጡልን" ይሏቸዋል። ጆሯቸው አይሰማም የሚላቸውም የለም። ይህን ሁሉ ጥቅም ግን አንድ ላይ ቢደምሩት አንድ ሙሐመድኑርን አይመልስም፤ እሳቸውም ይህን አይረሱትም።

ራህመት ዛሬም ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። አንዳንድ ጊዜ "እንደምን ዋሉ" ትላለች፣ አንዳንድ ጊዜ ዝም ትላለች።

ከማሽኑ ፊት፣ ስሚንቶው ላይ፣ ጋሽ ኃይለሚካኤል በነጭ ቀለም ሰው የሚያቆም ያህል ክብ ሠርተዋል። ድንጋይ ሲነሣ እዚያ ውስጥ ማንም አይቆምም። ወሰኑ፣ ባለሥጋ ቤቶቹም፣ የወደቡ ሰዎችም የሙሐመድኑር ቦታ ይሉታል። አንዳንድ ነገሩን የማያውቅ ችኩል ደንበኛ ቢላዋውን ይዞ ዘሎ ሲገባበት ሽማግሌው የሞተሩን ማጥፊያ ይጫኑና፣ ድንጋዩ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ይጠብቁና፣ በትሕትና እንዲህ ይሉታል፦

"ወንድሜ፣ ከዚያ ይውጡ። ሰው ቆሞበታል።"